ሦስት ሴቶች በአንድ መጠይቅ ፊት፦ በጎንደር ስላገኘነው የሴቶች ጤና አገልግሎት

ይህ አስተያየት በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስት የቤተሰባችን ሴቶች በተለያየ ጊዜ ስለታከምንበት፣ ጎንደር ከተማ ውስጥ ስለሚገኝ አንድ የግል የሴቶች ክሊኒክ ነው። የማመሰግነውም የምወቅሰውም ስላለኝ ስሙን ትቼዋለሁ። ከሦስታችን የመጀመሪያዋ አማቴ ናቸው፤ ከዳባት ከተማ ወጣ ብሎ ካለ የደጋ ቀበሌ የመጡ፣ ዕድሜያቸው ከስልሳ ያለፈ፣ ስምንት ልጅ የወለዱ ሴት ናቸው። ሁለተኛዋ መተማ ወረዳ፣ ገንዳ ውኃ የምትኖረው ታናሽ እህቴ ናት። ሦስተኛዋ እኔ ነኝ፤ እዚያው ጎንደር፣ ማራኪ በተባለው ሰፈር የምኖር የመንግሥት ሠራተኛ። ደጋ፣ ቆላና ከተማ በየተራ በአንድ የካርድ መስኮት አለፍን ማለት ነው፤ አገልግሎቱን ለመመዘን የደፈርሁትም በዚሁ ምክንያት ነው።

ክሊኒኩን ከሌሎች የሚለየው ሐኪሙ ዘንድ ከመግባት በፊት የሚሞላ ባለ አንድ ገጽ መጠይቅ ነው። መጠይቁ የክሊኒኩ ፈጠራ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያውን እ.ኤ.አ. በ2010 ያወጣለት፣ የጤና መጓደል የሰውን የዕለት ተዕለት ኑሮ ምን ያህል እንደሚገድብ ለመለካት በብዙ አገሮች የሚሠራበት መለኪያ ሲሆን፣ ረጅሙ ቅጽ 36፣ አጭሩ ደግሞ 12 ጥያቄዎች አሉት። እኛን የገጠመን አጭሩ ነው። ስለ በሽታ ስም አይጠይቅም። ባለፉት 30 ቀናት ለግማሽ ሰዓት ያህል መቆም፣ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል መሄድ፣ የቤት ኃላፊነትን መወጣት፣ ገላን መታጠብ፣ ልብስ መልበስ፣ ለዐሥር ደቂቃ ሐሳብን ሰብስቦ መቆየት፣ ከማያውቁት ሰው ጋር መግባባት፣ እንደማንኛውም ሰው በማኅበራዊና በሃይማኖታዊ ጉዳዮች መሳተፍ ምን ያህል እንዳስቸገረ ይጠይቅና፣ መልሱን "ምንም" ከሚለው ተነሥቶ "ጭራሽ አልችልም" እስከሚለው ድረስ በአምስት ደረጃ ያስቀምጠዋል። በመጨረሻም ከ30ዎቹ ቀናት በስንቱ ችግሩ እንደነበረ፣ በስንቱ ቀን ጭራሽ ሥራ መሥራት እንዳልተቻለ፣ በስንቱ ደግሞ ሥራ መቀነስ ግድ እንደሆነ ያስቆጥራል።

በእኛ አገር ሐኪም ቤት "ምንዎን ነው የሚያምዎት?" መባል የተለመደ ነው፤ "ምን መሥራት አቃተዎት?" ሲባል ግን የሰማሁት ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነበር። ልዩነቱ ትንሽ አይደለም። በገጠር ያለች ሴት ሕመሟን የምትቆጥረው ከአልጋ ሲጥላት ብቻ ነው፤ እየሠራች የምትሸከመው ሁሉ "ድካም ነው"፣ "ብርድ ነው"፣ "ዕድሜ ነው" ይባልና ያልፋል።

የአማቴ የመጀመሪያ ቅጽ የተሞላው በካርድ ክፍሉ መስኮት ላይ ነው፤ የክሊኒኩ ትልቁ ጥፋትም ይኸው ነው። ከኋላችን ሰባት ስምንት ሰው ተሰልፎ እየሰማ፣ መዝጋቢው ወጣት ዓይኑን ከወረቀቱ ሳያነሣ ጥያቄዎቹን በአንድ ትንፋሽ አነበበላቸው። እሳቸውም ነጠላቸውን በአፋቸው ላይ ሳብ አድርገው፣ ለዐሥራ ሁለቱም ጥያቄ "ምንም፣ እግዚአብሔር ይመስገን" እያሉ መለሱ። ገላ ስለ መታጠብ፣ ልብስ ስለ መልበስ በሰው ፊት ለተጠየቀች ባልቴት ሌላ ምን መልስ ይጠበቃል? በወረቀቱ ከሄድን አማቴ ከሦስታችን ጤነኛዋ ነበሩ። ወረቀቱ ያላወቀው ግን ነበር፤ ከመናኸሪያ በባጃጅ ስንመጣ በአንድ ጎናቸው ብቻ ተደግፈው፣ በየጉድጓዱ ከንፈራቸውን እየነከሱ ነበር የመጡት።

ነገሩን ያቃናችው የውስጥ ክፍሏ ሲስተር ናት። ወንበር ስታቀርብላቸው "ግድ የለም ልጄ፣ ቁሜ እሻላለሁ" ማለታቸውን እንደ ትሕትና አላየችውም። በሩን ዘጋችና በመጀመሪያ "እማማ፣ ምራትዎ ትቆይ ወይስ ትውጣ?" ብላ ጠየቀቻቸው። አማቴ ለአፍታ አዩኝና "ትቆይ፣ ልጄ ናት" አሉ። ይህች አንዲት ጥያቄ ለእኔ ከመሣሪያው ሁሉ በላይ ናት፤ አብሮ የመጣ ዘመድ ሁሉ እንዲሰማ እንደሚፈለግ አድርጎ የሚቆጥር ሐኪም ቤት ብዙ አይቻለሁና። ከዚያ አዲስ ቅጽ አወጣችና ከመጀመሪያው ጀመረች።

"ለግማሽ ሰዓት መቆም ምን ያህል ያስቸግርዎታል?"

"መቆሙማ ምን አለኝ። ምጣድ ሥር ተቀምጬ ልነሣ ስል ነው እንጂ። ያን ጊዜ ውስጤ ይወርዳል፤ በእጄ መልሼው ነው የምነሣው።"

አብሬያቸው ስኖር ይህን ከአንደበታቸው ሰምቼው አላውቅም። ልጃቸውም፣ ባለቤቴ ማለቴ ነው፣ አልሰማም። እዚህ ላይ ስለ መጠይቁ አንድ ነገር ልበል፤ ከተቀመጡበት ስለ መነሣት የሚጠይቅ ጥያቄ በረጅሙ ቅጽ ውስጥ አለ፣ በአጭሩ ግን ቀርቷል። ዱካ ላይ ተቀምጣ ለምትጋግር፣ ተንበርክካ ለምትፈጭ፣ ጎንበስ ብላ ለምታርም ሴት፣ ከመቆም ይልቅ መነሣት ነው የሕመሟ መለኪያ። ሲስተሯ ይህን ስላወቀች የሰማችውን ከቅጹ ጎን በእጇ ጻፈችው፤ ቅጹን ብቻ የሚሞላ ሰው ቢሆን ኖሮ "መቆም፦ ምንም" ብሎ ያልፈው ነበር።

የቤት ኃላፊነትን በተመለከተም አማቴ "ምንም፣ ሁሉን እሠራለሁ" አሉ። ሲስተሯ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ፣ መመሪያው የሚለውን በእኛ አማርኛ አስረዳቻቸው፤ ችግር ማለት አለመሥራት ብቻ እንዳልሆነ፣ እያመማቸው ከሠሩ፣ ድሮ ከሚፈጅባቸው ጊዜ በላይ ከፈጀ፣ አሠራራቸውንም ለመለወጥ ከተገደዱ ይህ ሁሉ እንደሚቆጠር ነገረቻቸው። አማቴ ጥቂት ዝም አሉና "እንግዲያው ሁሉም ይቆጠራል" አሉ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ እንደ ክር ተተረተረ። እንስራ መሸከም ካቆሙ አራት ዓመት ሆኗቸዋል። ሃያ ሊትር የሚይዘውን ጀሪካን፣ ሃያ ኪሎ ማለት ነው፣ አሁን የምትሸከመው የልጅ ልጃቸው ስትሆን፣ ከምንጩ ስትመለስ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ እያለፈባት ነው ትምህርት ቤት የምትደርሰው። አንድ ኪሎ ሜትር ስለ መሄድ ሲጠየቁ "ኪሎ ሜትሩን አላውቀውም" አሉ፤ "ከቤትዎ እስከ ምንጩስ?" ሲባሉ ግን የት ድንጋይ ላይ እንደሚያርፉ፣ ስንት ጊዜ እንደሚያርፉ ቆጠሩ። ሥራ የቀነሱባቸውን ቀናት ሲቆጥሩ ደግሞ ሲስተሯን መልሰው ጠየቁ፤ "በዓሉንም ትጽፊዋለሽ?" ጥያቄው ቀልድ አልነበረም። አቦን፣ ሥላሴን፣ ሚካኤልን፣ ኪዳነ ምሕረትን፣ ማርያምን፣ መድኃኔ ዓለምን፣ ባለ ወልድን የምታከብር ሴት በወር ውስጥ እርሻና ፈትል የማትነካባቸው ቀናት ብዙ ናቸው፤ ሕመሟም በበዓሉ ውስጥ ይሸሸጋል። ውኃውና እሳቱ ግን በበዓልም አይቀሩም።

ከሁሉም የከበደው የመሳተፍ ጥያቄ ነበር። አማቴ ቤተ ክርስቲያን ሄደው ከቅጥሩ ውጭ ዛፍ ሥር ቁመው ማስቀደስ ከጀመሩ ሁለት ዓመት አልፏቸዋል። በወር አበባ ጊዜ ሴት ቤተ መቅደስ እንደማትገባ ሁሉ፣ ሽንት የሚያመልጣትም መግባት የለባትም ብለው በራሳቸው ፈርደው ነው እንጂ ቄስ ጠይቀው አይደለም። እኛ ቤተሰቦቻቸው ደግሞ "ሽምግልና ነው፣ ሕዝብ መጋፋት ሰለቻቸው" ብለን ነበር። በቅጹ ላይ "ጭራሽ አልችልም" የሚለው የመጨረሻው ደረጃ ላይ ምልክት የተደረገው በዚህ ጥያቄ ብቻ ነው።

ምርመራው የማሕፀን መውረድ መሆኑን አረጋገጠ። አማቴ በልባቸው የያዙት ፌስቱላ፣ በምጥ መራዘም ምክንያት ተከፍቶ ሽንት የሚያፈስ ቀዳዳ፣ ነው ብለው ነበር። የፌስቱላ ስም ገጠር ድረስ ይታወቃል፤ እ.ኤ.አ. በ1974 አዲስ አበባ ላይ ዶክተር ካትሪን ሐምሊንና ባለቤታቸው የከፈቱት ሆስፒታልና የባሕር ዳር ማዕከሉ የብዙ ሴቶችን ታሪክ ስለለወጡ ነው። ማሕፀን መውረድ ግን በሽታ መሆኑን እንኳ የማያውቅ ብዙ ነው። ሐኪሙ መንስኤውን ሳይቸኩል ነገራቸው፤ የወሊድ መብዛት፣ የምጥ መራዘም፣ ከወሊድ በኋላ ቶሎ ወደ ከባድ ሥራ መመለስ፣ ዓመታት የቆየ ሳልም ሳይቀር ሆድ ዕቃን ወደ ታች እየገፋ ማሕፀንን የሚደግፉትን ጡንቻዎች እንደሚያላላ አስረዳ። አማቴ ሰባተኛ ልጃቸውን በወለዱ በሁለተኛው ሳምንት አጨዳ መውጣታቸውን የተናገሩት በዚህ ጊዜ ነው። ወንድ ሲወለድ በአርባ፣ ሴት ስትወለድ በሰማንያ ቀን ክርስትና እስኪነሣ ድረስ አራስ ከቤት አትወጣም የሚለው ወጋችን ለአራስ ጥሩ መከላከያ ነበር፤ ኅዳር ላይ ለወለደችና ረዳት ለሌላት ግን የጤፉ መርገፍ ከወጉ ይቀድማል። ስለ ሳሉም ቢሆን፣ በጭስ ጎጆ ውስጥ ሃምሳ ዓመት የጋገረችን ሴት ለምን እንደምትስል መጠየቅ አያስፈልግም።

ለሕክምናው ሁለት አማራጭ ቀረበላቸው፤ ቀዶ ጥገና ወይም ማሕፀኑን ወደ ላይ ደግፎ የሚይዝ፣ ሐኪሞቹ ፔሳሪ የሚሉት ቀለበት። አማቴ ቀለበቱን መረጡ። የመጀመሪያው ልክ አልሆነም፤ ሁለተኛው ሲገባላቸው ሲስተሯ እንዲቀመጡ፣ እንዲያስሉ፣ ቁጢጥ ብለው እንዲነሡ አደረገች። ሦስት ጊዜ ተነሡ፤ አንዱንም ጊዜ እጃቸውን ወደ ታች አልሰደዱም። የዳሌ ወለል ጡንቻን የሚያጠነክረውን እንቅስቃሴም አስተማረቻቸው፤ ሽንትን ለመቋጠር እንደሚደረገው ወደ ውስጥ ስቦ መያዝ፣ ጥቂት ቆይቶ መልቀቅ፣ ይህን በቀን ብዙ ጊዜ መደጋገም። ቁጥሩ እንዳይጠፋባቸው አማቴ ከአንገታቸው መቁጠሪያቸውን አወጡና "በዚህ ብቆጥር ኃጢአት ይሆንብኝ ይሆን?" አሉ። ሲስተሯ ሳቋን ዋጥ አድርጋ "ጸሎቱን በመቁጠሪያው፣ ይሄን በጣትዎ" ብላ አስማማቻቸው።

መቁጠሪያው ሲወጣ አብሮት የወጣ ሌላ ነገር ነበር፤ በክር የታሰረ ትንሽ ወረንጦ። አገሬው ያውቀዋል፤ የዓይን ቆብ በትራኮማ ተገልብጦ ሽፋሽፍቱ ብሌኑን ሲወጋ የሚነቀልበት ነው። የአማራ ክልል በዓለም ላይ ትራኮማ እጅግ ከጸናባቸው አካባቢዎች አንዱ ሲሆን፣ ከሕፃናት ጋር ውለው ስለሚያድሩ ከወንዶች ይልቅ በሴቶች ላይ ይበረታል። በ12ቱ ጥያቄዎች ውስጥ ስለ ዓይን የሚጠይቅ የለም። ሲስተሯ ግን ወረንጦውን አይታ ዝም አላለችም፤ ቆቡን ገልብጣ አየችና በቀላል ቀዶ ጥገና እንደሚስተካከል ነግራ ለዓይን ሕክምና ሪፈር ጻፈችላቸው። ስለዚህች ሴት የምሰጠው ነጥብ ከክሊኒኩ ነጥብ ተለይቶ እንዲያዝልኝ እፈልጋለሁ።

ምክሩ ላይ ስንደርስ ግን ነገሩ ይሰነካከላል። "ከአምስት ኪሎ በላይ አያንሡ" ተባሉ። አማቴ ከልባቸው ሳቁ። ባዶው እንስራ ራሱ ምን ያህል እንደሚመዝን የሚያውቅ ሰው ይስቃል። ሲስተሯ ወዲያው "እንግዲያው ጀሪካኑን ግማሽ እየሞሉ፣ በጉልበትዎ እንጂ በወገብዎ ሳይጎነበሱ" ብላ አሳየቻቸው፤ ግማሽ ጀሪካን ግን ሁለት ምልልስ ማለት ነው። ሲወጡ የተሰጣቸው የመመሪያ ወረቀትም ሦስት ገጽ ሙሉ ጽሑፍ እንጂ አንድ ሥዕል የሌለው ነበር። አማቴ ፊደል አልቆጠሩም። ወረቀቱን አጣጥፈው በመቀነታቸው ውስጥ እንደ ክታብ አሰሩት።

የእህቴ ጉዳይ አጭር ነው፤ ለክሊኒኩም ቀላል ነበር። ገንዳ ውኃ ላይ ክረምቱ ሲወጣ ወባው ይነሣል፤ እሷም የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ሳለች በሁለት ወር ውስጥ ሁለት ጊዜ ወባ ይዟት ሰውነቷ አልቆ መጣች። ደሟ ሲመረመር ዝቅ ብሎ ተገኘ። ወባ በእርግዝና ላይ ደም ማነስን እንደሚያባብስ የታወቀ ነው። ነገሩ ከአካባቢ አካባቢ እንዴት እንደሚለያይ የሚያሳይ ቁጥር ለሚፈልግ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 በተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ለመውለድ ዕድሜ ከደረሱት ሴቶች ከአራቱ አንዷ ገደማ ደም ማነስ ነበረባት፤ በአዲስ አበባ 16 በመቶ ሲሆን በሶማሌ ክልል ግን ከግማሽ በላይ ነበር። የአማራ ክልል ከአገሪቱ አማካይ ዝቅ ያለ ቢሆንም፣ የክልል አማካይ ደጋውንና ቆላውን በአንድ ቋት ይጨምራል፤ መተማን ከዳባት አይለይም።

የእህቴ ቅጽ ድምር ከአማቴ ድምር ጋር ተቀራራቢ ሆኖ መገኘቱ አስገርሞኛል። የአንዷ ችግር ዓመታት የቆየና የማያስተኛ፣ የሌላዋ መጥቶ የሚሄድ ሆኖ ሳለ ቁጥሩ አገናኛቸው። እህቴ ዘጠኝ ቀን ጭራሽ ሥራ እንዳልሠራች ቆጠረች፤ ባሏ በወባ ወድቆ እሷ ያስታመመችባቸውን ሌሊቶች ግን የሚጠይቃት ቦታ በቅጹ ላይ አልነበረም። እንደ መተማ ባለ የሰሊጥ አገር የወንዱ በሽታ ሴቷን ከሥራ ያስቀራታል፤ ይህ የትኛው ሣጥን ውስጥ እንደሚገባ እስካሁን አልገባኝም። ለምክሩ ግን አመሰግናለሁ። የአይረን እንክብሉን ከቡናና ከሻይ ጋር እንዳትወስደው፣ ከቡናው ሁለት ሰዓት ያህል እንድታርቀው በግልጽ ነገሯት፤ ቀድሞ ሌላ ቦታ ያንኑ እንክብል ሲሰጧት ይህን ስላልነገሯት በጠዋት ቡናዋ ታወራርደው ነበር።

የእኔ ነገር የወገብ ሕመም ነው፤ ብዙ አላወራበትም። ጥያቄዎቹ ለእኔ ዓይነቷ የተሰፉ ይመስላሉ፤ ግማሽ ሰዓት መቆም፣ ለዐሥር ደቂቃ ሐሳብ መሰብሰብ፣ ከባለ ጉዳይ ጋር መግባባት የሥራዬ መግለጫ ናቸው። ብቻ እኔንም ቢሆን ወገቤን የጎዳው ቢሮው ሳይሆን ውኃው ነው። የአንገረብ ግድብ በደለል እየተሞላ ከተማዋ ውኃን በፈረቃ መጠጣት ከጀመረች ቆይታለች፤ ውኃ በመጣ ሌሊት ነቅቶ መቅዳት፣ በጠፋ ቀን ጀሪካን ወደ ሦስተኛ ፎቅ ማውጣት የከተማ ሴት ድርሻ ነው። ሐኪሙ "ወገብዎን የሚጎዳ ሥራ ይሠራሉ?" ሲለኝ "አይ፣ ቢሮ ነኝ" ብዬ መለስሁ። ከአማቴ የተሻልሁ መስሎኝ ነበር።

ስለ ክፍያው ባጭሩ ልናገር፤ ክሊኒኩ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ደብተር አይቀበልም። አማቴ በየዓመቱ መዋጮ እየከፈሉ የያዙት ደብተር በቦርሳዬ ውስጥ ተቀምጦ፣ እኛ በጥሬው ከፈልን። ቀለበቱ ደግሞ በየሦስት ወሩ ገደማ እየታየ መታጠብ ስላለበት፣ እያንዳንዱ ቀጠሮ ሰባ አምስት ኪሎ ሜትር መጥቶ መመለስ ነው፤ መንገድ የተዘጋ ቀን ደግሞ ቀጠሮም የለም። አንድ ጊዜ በዚሁ ምክንያት ሁለት ሳምንት ዘግይተን ስንደርስ፣ መስኮቱ ላይ ያለው ሰው ስለ መዘግየታችን እንጂ ስለ መንገዱ አልጠየቀንም። በ1954 እ.ኤ.አ. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፍቶባት፣ ተማሪዎቿን በቡድን ወደ ገጠር እየላከች የጤና መኮንን፣ ነርስና ሳኒታሪያን የሚባለውን የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያ ያሠለጠነች ከተማ ውስጥ፣ ሐኪሙ ወደ ባልቴቷ የሚሄድበት ነገር መታሰቡ እንዴት እንደ ቅንጦት እንደሚታይ አይገባኝም። ቢያንስ ቀለበቱን ማየት የምትችል አንዲት ሲስተር በወር አንድ ቀን ዳባት ብትቀመጥ ምን ያህል መንገድ በቀነሰ ነበር።

እንግዲህ ክሊኒኩን ለሚጠይቀኝ ሰው "ሂጂ፣ ግን መስኮቱ ላይ ምንም አትመልሺ፣ ቅጹን ውስጥ ገብቼ እሞላለሁ በይ" እላለሁ። ከመዝጋቢው ጋር ከተከራከርሽ ይሰማሻል፤ እኔ በሁለተኛው ጉዟችን ሞክሬው ተሳክቷል።

አማቴ ባለፈው ወር ለቁጥጥር መጥተው ቅጹ እንደገና ተሞላ። መቆሙ፣ መሄዱ ተሻሽሏል፤ ከቅጥሩም ውስጥ ገብተው ማስቀደስ ጀምረዋል። የቤት ኃላፊነቱ ግን "መጠነኛ" ከነበረው ወደ "ከባድ" ወረደ። ሲስተሯ ግራ ተጋብታ ምን እንደ ተባባሰ ስትጠይቃቸው "አልባሰብኝም፤ ያን ጊዜ ስላፈርሁ ቀንሼ ነው የነገርሁሽ" አሉ።

አሁን ጥያቄዎቹን በቃላቸው ይዘዋቸዋል። ቡና ሲፈላ የጎረቤት ሴቶችን ያስቀምጡና "ባለፈው ሠላሳ ቀን" ብለው ይጀምራሉ፤ አንዷ "ምንም" ስትላቸው "የሚያምሽ ከሆነ ይቆጠራል" ብለው ያርሟታል። ከእነዚሁ ጎረቤቶች ሁለቱ ወደ ክሊኒኩ መቼ እንደምወስዳቸው በአማቴ በኩል ልከው ጠይቀውኛል። የሚመቻቸው ለገበያ ጎንደር የሚመጡበት ቅዳሜ ነው፤ ክሊኒኩ ደግሞ ቅዳሜ የሚሠራው እስከ ስድስት ሰዓት ብቻ ነው፤ የዳባቱ መኪና ያን ጊዜ ገና ሰው እያወረደ ነው።